ማስሎው ያልሣለው ፒራሚድ

ማኔጅመንት የተማረ ሁሉ ፒራሚዱን ያውቀዋል። ከታች ምግብና ውኃ፣ ከዚያ ደኅንነት፣ ቀጥሎ ፍቅርና ወገን፣ ከፍ ሲል ክብር፣ ጫፉ ላይ ራስን እውን ማድረግ። በፈተና ይመጣል፤ አምስቱን በቅደም ተከተል የደረደረ ማርኩን ይወስዳል። ፒራሚዱ በስሙ የሚጠራው አብርሃም ማስሎው ግን አልሣለውም። ንድፈ ሐሳቡን ያቀረበው በ1943 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) «ሳይኮሎጂካል ሪቪው» በተባለ የሙያ መጽሔት ላይ ነው። ጽሑፉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሐተታ ነው፤ ሥዕል የሚባል ነገር የለበትም።

ማስሎው በ1908 ኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን ተወለደ። ወላጆቹ ከሩሲያ ግዛት የተሰደዱ አይሁዶች ናቸው፤ እሱ ከሰባት ልጆች የመጀመሪያው ነው። ከእናቱ ጋር ዕድሜ ልኩን አልታረቀም። እቤት የሚበላ ሳይጠፋ ማቀዝቀዣውን ትቆልፈው ነበር፤ ልጆቹ የሚቀምሱት እሷ ደስ ሲላት ስትከፍትላቸው ነው። ስትሞት ለቀብሯ አልሄደም። የሰውን ሐሳብ ሁሉ ከልጅነት ቁስሉ መምዘዝ የፍሮይድ ተከታዮች ሥራ ስለሆነ እኔ አልገባበትም። ብቻ ምግብ፣ ደኅንነትና ፍቅር በአንድ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚጠላለፉ ማስሎው መጽሐፍ ከመግለጡ በፊት ያውቅ ነበር።

ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በሃሪ ሃርሎው ሥር ጦጣዎችን አጠና፤ በ1934 ዶክትሬቱን ያዘ። የያኔውን የአሜሪካ ሥነ ልቦና ሁለት ጎራዎች ተከፋፍለውት ነበር። አንደኛው አይጥ በሽልማትና በቅጣት ስትገራ እያየ ስለ ሰው ይፈርዳል፤ ሌላው የሕሙማንን ሕልም ይፈታል። ማስሎው ከሁለቱም ቀስሟል። ያፈነገጠው ኒው ዮርክ ተመልሶ አንትሮፖሎጂስቷን ሩት ቤኔዲክትንና ከጀርመን የተሰደደውን ማክስ ቨርትሃይመርን ካወቀ በኋላ ነው። ሁለቱን እጅግ ይወዳቸው ስለነበር ስለ ጠባያቸው ማስታወሻ መያዝ ጀመረ። ማስታወሻው ሲጠራቀም የሁለቱ ሰዎች ጠባይ በብዙ ነገር እንደሚመሳሰል አስተዋለ። የሥነ ልቦና ባለሙያው በሽተኛውን ሲመረምር ኖሯል፤ ጤነኛውን፣ ያውም አቅሙን አውጥቶ የሚኖረውን ሰው ማን አጠናው?

በ1938 ክረምት ካናዳ፣ አልበርታ ውስጥ ሲክሲካ ከሚባሉት የብላክፉት ሕዝቦች ዘንድ ሰነበተ። እዚያ የተከበረው ሰው ያካበተው ሳይሆን ያለውን የሚያከፋፍለው መሆኑን አየ። አብዛኛው ሰው በራሱ የሚተማመን፣ ሥጋት የማያባትተው ሆኖ አገኘው። ዛሬ «ፒራሚዱን ከድንኳናቸው ቅርጽ ሰረቀ» የሚሉ አሉ። ሰውየው ፒራሚድ አለመሣሉን ያወቀ ሰው ይህን ክስ የት ያደርሰዋል? ሲክሲካዎች ያስተማሩትን አለማድነቅ ግን አይቻልም።

ከዚያ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። የፐርል ሃርበር ጥቃት በደረሰ ሰሞን መኪናውን እየነዳ ወደ ቤቱ ሲሄድ ሰልፍ መንገዱን ዘጋበት። ሰልፈኞቹ ያረጀ ዩኒፎርም የለበሱ ወፍራም ሰዎችና ስካውት ልጆች ናቸው፤ ባንዲራው ከፊት፣ ዋሽንቱም ከቃናው የወጣ። እሱ መሪውን እንደያዘ አለቀሰ። ሂትለርንም፣ ስታሊንንም፣ ማንንም እንዳልተረዳን፣ ብንረዳ ኖሮ ግን ወደፊት መራመድ እንደምንችል ተሰማው። በሰላም ጠረጴዛ ላይ የሚቀርብ የሰው ልጅ ሥነ ልቦና ልሥራ ብሎ የወሰነው ያን ዕለት እንደሆነ ኋላ ተናግሯል። የ1943ቱ ጽሑፍ የወጣው ሁለት ዓመት ሳይሞላ ነው።

ጽሑፉን አንብቦ ፒራሚዱን ያየ ሰው ግራ ይጋባል። ማስሎው አንዱ ፍላጎት መቶ በመቶ ካልሞላ ቀጣዩ አይነሣም አላለም። እንዲያውም ይህ የተሳሳተ ግንዛቤ እንዳይፈጠር ብሎ ለምሳሌ ያህል ቁጥር አስቀመጠ፦ ተራው ሰው የአካል ፍላጎቱ 85 በመቶ፣ ደኅንነቱ 70፣ ፍቅሩ 50፣ ክብሩ 40፣ ራስን እውን የማድረግ ፍላጎቱ 10 በመቶ ይረካል እንበል። ቁጥሮቹ እንዲያው የተገመቱ መሆናቸውንም አልደበቀም። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሠራሉ፤ ልዩነቱ በመጠን ነው። ቅደም ተከተሉ የማይዝባቸውን ሰዎችም ዘርዝሯል፦ ከፍቅር ክብርን የሚያስቀድሙ፣ ለመፍጠር ብለው ሌላውን የሚተዉ፣ ለእምነታቸው ሁሉን የሚሠዉ ሰማዕታት። ከምሳው ቀንሶ የእድር መዋጮ የሚከፍል ሰው ለሚያውቅ አንባቢ ይህ አዲስ አይሆንበትም። «የራበው ስለ ክብሩ አያስብም» የሚለው ንግግር የመጣው ከሥዕሉ እንጂ ከጽሑፉ አይደለም።

ሥዕሉ ታዲያ ከየት መጣ? በ2019 ጉዳዩን የመረመሩ ሦስት ተመራማሪዎች ፈለጉን እስከ 1960 ተከትለው አማካሪው ቻርልስ ማክደርሚድ ዘንድ ደረሱ። እሱም በአንድ የቢዝነስ መጽሔት ላይ ገንዘብ ሠራተኛን እንዴት እንደሚያነሣሣ ሲያስረዳ ፍላጎቶቹን በፒራሚድ አስቀመጣቸው። ለሥራ አስኪያጅ ሠራተኛው በየትኛው እርከን ላይ እንዳለና ምን ቢሰጠው እንደሚተጋ በአንድ ገጽ የሚያሳይ ነገር ተገኘለት። ለምን እንደተወደደ ግልጽ ነው።

ማስሎው ብቻውን አልነበረም። የሥነ ልቦና ባለሙያው ካርል ሮጀርስ የሕክምና ንግግሮችን በሸክላ እየቀዳ፣ በ1942 መጽሐፉ ከአንድ ታካሚ ጋር ያደረጋቸውን ንግግሮች ቃል በቃል አሳተመ። ዝግ የነበረው ክፍል ለዓይን ተከፈተ። በ1964 ኮኔቲከት፣ ኦልድ ሴይብሩክ ላይ የሐሳቡ ተካፋዮች ሲሰበሰቡ፣ ከሁለቱ ጎራዎች ቀጥሎ «ሦስተኛው ኃይል» የተባለው ሰው ተኮር ሥነ ልቦና ስምም መሪም ነበረው።

የማስሎውን ደካማ ጎን መሸፈን አይገባም። ራሳቸውን እውን አደረጉ ብሎ ማስሎው የጠቀሳቸው ሊንከን፣ አይንስታይን፣ ኤሌኖር ሩዝቬልትና መሰሎቻቸው እሱ ራሱ የመረጣቸው ናቸው። የሚያደንቃቸውን ሰብስቦ የሚያደንቀውን ጠባይ አገኘባቸው ቢባል መልስ አይኖረውም።

ሐሳቡ ገደብ እንዳለው ራሱም ያውቅ ነበር። በ1962 ካሊፎርኒያ፣ ዴል ማር የሚገኝ ኖን ሊኒየር ሲስተምስ የተባለ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ባለቤት አንድሩ ኬይ ክረምቱን እንዲያሳልፍ ጋበዘው፤ በኋላ በ1965 መጽሐፍ ሆኖ የወጣውን የውሎ ማስታወሻውን በቴፕ መቅጃ እየተናገረ አዘጋጀ። ፋብሪካው በእሱ ሐሳብ እየተመራ አገኘው። ደስታ ብቻ አልተሰማውም። ንድፈ ሐሳቡ የተነሣው ከክሊኒክ፣ ከተጨነቁ ሰዎች ጥናት መሆኑን አስታውሶ፣ ወደ ፋብሪካ ሠራተኛ መሻገሩ ትክክል ስለመሆኑ ከማመኑ በፊት ብዙ ጥናት ማየት እንደሚፈልግ መዘገበ። በ1970 ሲሞት 62 ዓመቱ ነበር። ፒራሚዱ ያኔም በየማኔጅመንት መማሪያው እየገባ ነበር።