ኩበትና የአፈር ካርቦን

በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ገብስ አብቃይ በሆነው የደብረ ብርሃን ዙሪያ፣ ኩበት ያልተከመረበት ደጅ ማግኘት ያስቸግራል። እበቱ ከጭድ ጋር ተለውሶ፣ በእጅ ተጠፍጥፎና በፀሐይ ደርቆ ለክረምት ይቀመጣል፤ የተረፈው ገበያ ይወጣል። አመድና የቤት ጥራጊ የሚደፋበት የጓሮ መሬት ጠቆርና ለስለስ ያለ ሲሆን ራቅ ያለው ማሳ ግን ገርጥቶ ይታያል። ከዚህ ተነሥቼ የምከራከረው፣ በዛፍ አልባው ደጋ የአፈር ካርቦን ዕጣ ከሞፈሩ ይልቅ በምድጃው ላይ እንደሚወሰን ነው። ማገዶውን ሳይተኩለት ገበሬውን ኮምፖስት አዘጋጅ ማለት ከንቱ ምክር ነው።

ነገሩን ግልጽ የሚያደርገው ናይትሮጅን ነው። በአፈር ውስጥ የረጋ ኦርጋኒክ ቁስ ለ12 እጅ ካርቦን 1 እጅ ያህል ናይትሮጅን ይዞ ይገኛል፤ በዚህ ስሌት 1 ቶን ካርቦን ለማቆየት 80 ኪሎ ግራም ገደማ ናይትሮጅን ያስፈልጋል። ናይትሮጅኑ ጥቂት የሆነው ጭድ ብቻውን ቢቀበር አብዛኛው በተዋህስያን ተበልቶ ወደ አየር ይመለሳል። ኩበት ሲነድ ደግሞ ካርቦኑም ናይትሮጅኑም ከጢሱ ጋር ይሄዳሉ፤ አመዱ የሚያስቀረው ፎስፈረስና ፖታሲየም የመሳሰሉትን ነው። እናም እሳቱ የዛሬውን ካርቦን ከማጥፋቱ በላይ የነገውን ማሰሪያ ይወስዳል።

ፍግ መጨመር ካርቦንን ከቦታ ቦታ ማዛወር እንጂ ማከማቸት አይደለም የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። እበቱ ወትሮም ወደ አንድ ማሳ የሚመለስ ከሆነ እውነት አላቸው። እዚህ ግን አማራጩ እሳት ስለሆነ ከእሳት ተርፎ አፈር ውስጥ የሚቆየው እጅ፣ ትንሽም ቢሆን፣ እውነተኛ ጭማሪ ነው። የተከማቸው ተመልሶ ይጠፋል የሚለው ስጋት ይበልጥ ይከብዳል። በእንግሊዝ ሮታምስቴድ፣ ሁስፊልድ በተባለው የገብስ ማሳ ላይ፣ ከ1852 እስከ 1871 እ.ኤ.አ. በየዓመቱ በሄክታር 35 ቶን ፍግ አግኝቶ ከዚያ የተቋረጠበት መደብ አለ። ካርቦኑ እየቀነሰ ቢሄድም፣ ከመቶ ዓመት በኋላ እንኳ ፍግ አግኝቶ ከማያውቀው መደብ በልጦ ተገኝቷል። (35 ቶን ለደጋ ገበሬ የሕልም እንጀራ መሆኑን አልዘነጋሁም፤ ከሙከራው የምወስደው መጠኑን ሳይሆን የመጥፋቱን ዝግታ ነው።)

ከሁሉ የሚጠነክረው ተቃውሞ የባለቤቲቱ ነው፦ እንጀራው በምን ይጋገር? ባዮጋዝ ጥሩ መልስ ነው፤ ቶሎ የሚፈርሰውን ካርቦን ለእሳት ሰጥቶ፣ ዝግ ብሎ የሚፈርሰውንና አብዛኛውን ናይትሮጅን በዝቃጩ ለማሳው ያስቀራል። ሆኖም በቂ ከብትና ቅርብ ውሃ ለሌለው ቤት አይሆንም። ለእንዲህ ያለው ቤት እበቱን ከእሳት የሚያድነው፣ ውሃ ይመጥጣል እየተባለ ስንት የተወቀሰው ባሕር ዛፍ ሊሆን ይችላል፤ በእርሻ ዳርና በገደላገደል ላይ እስከተተከለ ድረስ ወቀሳውን ቀለል አድርጌ አየዋለሁ። ኩበት ገዝቶ ለሚያነደው ከተሜ ደግሞ መብራቱ የማይቆራረጥ የኤሌክትሪክ ምጣድ ያሻዋል። የግብርና ጽሕፈት ቤቶችም በየቀበሌው የተቆፈረውን የኮምፖስት ጉድጓድ ሲቆጥሩ በየደጁ ያለውን የኩበት ክምር አብረው ይቁጠሩ።