«እንኳን እግዜር ማረሽ» ካልን በኋላ

ታማ የሰነበተች የሥራ ባልደረባ ስትመለስ ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን። «እንኳን እግዜር ማረሽ!» እንላለን፤ እናቅፋታለን፤ ቡና ይታዘዛል። በሽታው የጡት ካንሰር ከነበረ ደግሞ ስሙን አንጠራም፤ «ያ በሽታ» ብለን ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን። ከዚያ ሁላችንም ወደየጠረጴዛችን እንመለሳለን። እሷስ? ጠረጴዛዋ ጠብቋታል? የሥራ ደረጃዋስ? ደመወዟስ?

ዛሬ የምናወጋችሁ የዚህን ጥያቄ ታሪክ ነው። የምንጀምረው ከአሜሪካ ነው፤ እዚያ ሴቶቹ ጮክ ብለው ተናግረዋል፣ ጽፈዋል፣ ፍርድ ቤትም ሄደዋል። መጨረሻ ላይ ግን ወደ ቤታችን መመለሳችን አይቀርም።

ነገሩ የሚጀምረው ከክንድ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ዊልያም ሃልስቴድ የተባለ የባልቲሞር ቀዶ ሐኪም አንድ ከባድ ቀዶ ሕክምና አስፋፋ፤ ጡቱን ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያለውን የደረት ጡንቻና የብብቱን እጢዎች ጭምር ጠርጎ የሚያወጣ። ይህ ዘዴ እስከ 1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ በአሜሪካ እንደ ዋና ሕክምና ቆየ። ከዚያ አልጋ የተነሣች ሴት ክንዷ ሊያብጥ፣ ትከሻዋ አልታዘዝ ሊላት ይችላል። እንግዲህ አስቡት፤ የምታጥብ፣ የምትሰፋ፣ በጽሕፈት መኪና የምትተይብ ሴት እንጀራዋ በክንዷ ነው።

ይህን ልማድ ከተጋፈጡት አንዷ የሙያ ታላቃችን ናት። ሮዝ ኩሽነር ጋዜጠኛ ነበረች፤ በ1974 ጡቷ ላይ እብጠት አገኘች። በዚያ ዘመን ሴትየዋ ለምርመራ ናሙና ልትሰጥ ማደንዘዣ ትወስዳለች፤ ካንሰር ከተገኘ እዚያው በተኛችበት ጡቷ ይቆረጣል። ስትነቃ ጡት ይኑራት አይኑራት ሳታውቅ ነው የምትተኛው። ኩሽነር «መጀመሪያ ምርመራው፣ ከዚያ እኔ ልወስን» አለች። በዚያው ዓመት መስከረም የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ቤቲ ፎርድ በተመሳሳይ መንገድ ቀዶ ሕክምና ሲደረግላቸው ኩሽነር ዋይት ሐውስ ድረስ ደውላ ልታስቆመው ሞክራ አልተሳካላትም። በ1975 ምርመራዋን በመጽሐፍ አወጣች። በ1979 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የሰበሰበው ጉባኤ ምርመራና ቀዶ ሕክምናው እንዲለያዩ፣ የሃልስቴድ ዘዴም ዋና ሕክምና መሆኑ እንዲቀር ሲመክር እሷም ከተሰብሳቢዎቹ አንዷ ነበረች። በ1985 ደግሞ የዶክተር በርናርድ ፊሸር ጥናት እብጠቱን ብቻ አውጥቶ ጨረር መስጠት ለብዙዎች ጡት ከመቁረጥ እኩል ዕድሜ እንደሚሰጥ አሳየ።

ሌላዋ ቤቲ ሮሊን ናት፤ የኤንቢሲ ቴሌቪዥን ዘጋቢ። በ1975 ጡቷ ተቆረጠ፤ በዓመቱ «መጀመሪያ ታለቅሻለሽ» የሚል ርዕስ ያለው መጽሐፍ አሳተመች። ፊቷ በቴሌቪዥን የሚታወቅ ሴት ስለ ጠባሳዋ፣ ስለ ፍርሃቷ፣ እንደገና ሰው ፊት ስለ መቆሟ በግልጽ ስትጽፍ ሹክሹክታው ተሰበረ። ከዚያም በቴሌቪዥን ሥራዋ ገፋችበት፤ ያረፈችው በ2023 ነው።

እንግዲህ አፍ ተፈታ፣ ክንድም ተረፈ። የቀረው አለቃው ነበር።

በአላባማ ግዛት ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለ ሆስፒታል የነርሶች ዳይሬክተር የነበረች ሴት በ1994 የጡት ካንሰር ተገኘባት። ቀዶ ሕክምና፣ ጨረርና ኬሞቴራፒ ወሰደች፤ ረጅም ፈቃድ ወጣች። በ1995 ስትመለስ የዳይሬክተርነት ቦታዋን እንድትለቅ ተነገራት፤ ደመወዙ ዝቅ ወዳለ ሥራ ተዛወረች። አካል ጉዳተኞችን ከመድልዎ የሚጠብቀውን የ1990 ሕግ ይዛ ከሰሰች። ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ፤ በየካቲት 2001 በ5 ለ 4 ድምፅ ተረታች። ፍርድ ቤቱ የተደረገባት ልክ ነው አላለም፤ የግዛት መንግሥት በዚህ ሕግ በፌዴራል ፍርድ ቤት ካሣ ሊጠየቅ አይችልም ነው ያለው።

ከዚያ ቀደም ብሎ በ1996 አንድ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ያየው ጉዳይ ደግሞ ይብሳል። ሠራተኛዋ ጨረር እየወሰደች፣ እያቅለሸለሻት፣ ሰዓቷን ቀንሳ ሥራ ላይ ነበረች፤ አንድም ቀን አልቀረችም። ዳኞቹ መሥራት ስለቻለች የሕጉ ከለላ አይደርሳትም አሉ። ሁለቱን መዝገቦች ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው እንዲህ ይነበባሉ፦ ብትተኛ ቦታዋን ታጣለች፤ ብትነሣ ከለላዋን።

የአሜሪካ ምክር ቤት ይህን የሁለተኛውን ዓይነት ፍርድ ለማረም እስከ 2008 ጊዜ ወሰደበት። የዚያ ዓመት ማሻሻያ ካንሰርን የሚያካትት ሆነ፤ በሽታው ለጊዜው ቢርቅም ከለላው እንደማይቀር ደነገገ።

አሁን ወደ ቤታችን። በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ በብዛት የሚታየው ካንሰር የጡት ካንሰር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ደመወዝ። እስቲ አብረን እንደምር። በየ3 ሳምንቱ 8 ዙር ኬሞ የታዘዘላት ሴት ለእሱ ብቻ ከ5 ወር በላይ ያስፈልጋታል። ቀዶ ሕክምናው አለ፤ ማገገሚያው አለ፤ ጨረሩ ሲታከል ተጨማሪ ሳምንታት ነው። ፈቃድ ላይ ከቆየች ደመወዙ የሚቆመው ኬሞው ገና ግማሽ መንገድ ላይ ሳለ ነው። ላይ ደግሞ ወረፋው አለ፤ ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የነበረው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከክፍለ ሀገር የምትመጣ ሠራተኛ ተራዋን የምትጠብቀውም ከዚያው ፈቃድ ላይ እየተቆረጠ ነው።

የአካል ጉዳተኞችን የሥራ መብት የሚደነግግ አዋጅ አለን፤ ቁጥር 568/2000። ካንሰርን ግን በስም አይጠራውም። እኛም ቢሮ ውስጥ አንጠራውም።

ኩሽነርና ሮሊን ያስተማሩን ነገር ቢኖር ስም ያልተጠራ በሽታ ሕግ እንደማይወጣለት ነው። እናም በሚቀጥለው ጊዜ አንዲት ባልደረባችን ስትመለስ «እንኳን እግዜር ማረሽ» ማለታችንን አንተወውም፤ ደግ ቃል ነው። ቡናው ሲያልቅ ግን አንድ ጥያቄ እንጨምርበት፦ «ወንበርሽን መለሱልሽ?»