የአንዲት ቃል ባለቤት፦ «ታብሎይድ»፣ ሄንሪ ዌልካም እና ካርቱም

ራሱን ያመመው ሰው «ክኒን ዋጥኩ» ይላል። የዋጠው ግን ኪኒን አይደለም። ከሲንኮና ዛፍ ቅርፊት የሚገኘው የወባ መድኃኒት ስም በአማርኛችን ለማንኛውም የመድኃኒት ፍሬ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። ባለሱቁን «ኦሞ ስጠኝ» ብለን የሌላ ፋብሪካ የልብስ ሳሙና ዱቄት ይዘን እንወጣለን፤ «ኮልጌት» ብለንም ሌላ የጥርስ ሳሙና እንገዛለን። የኪኒን ስም ባለቤት አልነበረውምና የሚከሰን የለም። ኦሞና ኮልጌት ግን ባለቤት አላቸው። ስሙ በሰው ሁሉ አፍ መግባቱ ለባለቤቱ ኩራትም ስጋትም ነው፤ የሁሉ የሆነ ቃል የአንዱ ሆኖ ለመቆየት ይቸገራልና። ከመቶ ዓመት በፊት በዚህ ስጋት የተነሣ ለንደን ላይ ትልቅ ሙግት ተደርጎ ነበር። የሙግቱ ባለቤት ደግሞ በካርቱም ታሪክ ውስጥ ስሙ ጎልቶ የሚነሣ ሰው ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሲላስ በሮውስ እና ሄንሪ ዌልካም አሜሪካውያን የመድኃኒት ባለሙያዎች ነበሩ። በ1880 ለንደን ላይ በጋራ ድርጅት አቋቋሙ። ይዘውት የመጡት ሸቀጥ በማሽን ተጨምቆ የተሠራ የመድኃኒት ፍሬ ነበር። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር መድኃኒት የሚሸጠው በአብዛኛው በጠርሙስ ተበጥብጦ፣ በዱቄት ወይም በእጅ ተድቦልቡሎ ስለነበር መጠኑ እኩል የሆነ ፍሬ ትልቅ ነገር ነበር። ይሁን እንጂ አሠራሩ የእነርሱ ፈጠራ አልነበረም። ዊልያም ብሮክደን የተባለ እንግሊዛዊ ሠዓሊ ለእርሳስ የሚሆነውን ማዕድንና የመድኃኒት ዱቄትን በብረት ቅርጽ ውስጥ ጨምቆ የማጠንከር ዘዴ ፈልስፎ በ1843 የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ ማለትም ፓተንት፣ አግኝቶበት ነበር። የእንግሊዝ ፓተንት በዚያን ጊዜ የሚጸናው 14 ዓመት ብቻ ነበር። ጊዜው ሲያልፍ ዘዴው ለሁሉ ክፍት ሆነ።

ስለዚህ ሁለቱ ሸሪኮች በእጃቸው አጥብቀው ሊይዙት የሚችሉት ስሙን እንጂ አሠራሩን አልነበረም። ጊዜውም ረዳቸው። በ1883 የወጣውና ከጃንዋሪ 1884 ጀምሮ የጸናው የእንግሊዝ ሕግ ከዚያ በፊት በሰው አነጋገር ያልነበረ አዲስ ቃል በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገብ ፈቀደ። ዌልካም «ታብሌት» ከሚለው ቃል ጋር የመድኃኒት ቅመም ስም የሆነውን «አልካሎይድ» አዳቅሎ «ታብሎይድ» የሚል ስም ፈጠረ፤ በማርች 1884ም አስመዘገበው። ፓተንት የጊዜ ገደብ አለው፤ የንግድ ምልክት ግን እየታደሰ ለዘላለም ሊኖር ይችላል። ሕጉ ለብልሁ ነጋዴ ያተረፈው ይህንን ነው። ሄንሪ ስታንሊ የኢኳቶሪያ ገዥ የነበረውን ኤሚን ፓሻን ለማዳን ሲዘምት የድርጅቱን የመድኃኒት ሣጥን ይዞ ነበር። ዌልካም ስታንሊን የመሳሰሉ ስመ ጥር መንገደኞችን ለማስታወቂያ መጠቀም ያውቅበት ነበር።

በሮውስ በ1895 ሞተ፤ ንግዱ በዌልካም እጅ ቀረ። ከኦምዱርማን ጦርነት በኋላ ዌልካም ወደ ሱዳን መጣ። ያየው የበሽታ ብዛት ስለነካው በካርቱም ለሚሠራው የጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ የምርምር ቤተ ሙከራ መሣሪያ በስጦታ ለመስጠት ተነሣ። ኮሌጁ በ1902 ተከፈተ፤ በኋላ የካርቱም ዩኒቨርሲቲ መሠረት የሆነውም እርሱ ነው። የቤተ ሙከራው የመጀመሪያ ዳይሬክተር አንድሩ ባልፎር በ1903 ሥራ ጀመረ። የባልፎር ሥራ ተረት ይመስላል። ካርቱምን በየክፍሉ እየከፋፈለ ጉድጓዱን፣ ኩሬውንና ገንዳውን ሁሉ በየጊዜው ያስመረምር ነበር። በወንዙ ላይ የሚመላለሱት መርከቦች እንኳ አልቀሩለትም፤ በሆዳቸው በሚጠራቀመው ውሃ የወባ ትንኝ እየተራባ ወደ ከተማው ይገባ ነበርና። የትንኝ እጭ በተገኘበት ሁሉ ዘይት ይፈስስበታል ወይም ይደፈናል። ወባ በከተማይቱ እጅግ ቀነሰ። በ1907 ደግሞ በትንኝ ዝርያ ስም «ኩሌክስ» የተባለ ተንሳፋፊ ቤተ ሙከራ በአባይ ላይ ወደ ደቡብ ተጓዘ። በ1908 ቃጠሎ ብዙ ጉዳት ቢያደርስም ሥራው ቀጠለ።

ከዚያ ቤተ ሙከራ ከወጡት ሰዎች አንዱን ለይቼ ማንሣት እፈልጋለሁ። ዊልያም ቢም የተባለ ኬሚስት ሐሺሽን ለይቶ የሚያሳውቅ ዘዴ አገኘ። ከተጠረጠረው ቅጠል የተገኘው ጭማቂ በአልኮል የተበጠበጠ ፖታሽ ሲጨመርበት ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ይለወጣል። ዘዴው በ1911 በታተመው በቤተ ሙከራው አራተኛ ሪፖርት ወጣ። በተለያዩ አገሮች ያሉ መርማሪዎች «የቢም ፈተና» እያሉ ለብዙ ዓመታት ተጠቀሙበት። ካርቱም ላይ የተወለደ ስም ዓለምን የዞረው ያለ ማኅተምና ያለ ጠበቃ ነው።

ጌታው ዌልካም ግን ጠበቃ ነበረው። ባልፎር ካርቱም በገባበት በዚያው በ1903 ድርጅቱ ቶምፕሰንና ካፐር የተባሉ የመድኃኒት ነጋዴዎችን ከሰሰ። ክሱ ገዢ «ታብሎይድ» ብሎ ሲጠይቅ የሌላ ሰው ሥራ ይሰጣሉ የሚል ነበር። ተከሳሾቹ ቃሉ የሕዝብ ሆኗል፣ እንደ ማንኛውም ቃል የመድኃኒቱን ቅርጽ ከመግለጽ በቀር የአንድን ሰው ዕቃ አይለይም፣ ስለዚህ ከመዝገብ ይሰረዝ ብለው ተከራከሩ። ዳኛው ቃሉ በሕዝብ አነጋገር ሌላ ትርጉም መያዙን አልካዱም፤ በመድኃኒት ንግድ ውስጥ ግን የድርጅቱ ነው ብለው ፈረዱ። ይግባኙም በ1904 ለዌልካም ጸና። ነገር ግን የዳኛ ፍርድ የሰውን አፍ አያስርም። «የተጨመቀና ትንሽ» የሚለው ትርጉም ወደ ጋዜጣ ተሻግሮ ዛሬ ታብሎይድ ሲባል አንባቢ የሚያስበው አነስተኛ ገጽ ያለውን ወሬ አናፋሽ ጋዜጣ እንጂ መድኃኒቱን አይደለም። ድል ማለት ይህ ከሆነ፣ በእኔ አስተያየት እንግዳ ድል ነው።

በአካባቢያችን የስም ጥበቃ የመጣው ዘግይቶ ነው። ሱዳን የንግድ ምልክት ሕግ ያገኘችው በቅኝ አገዛዙ ዘመን በ1931 ሲሆን፣ በ1969 በአዲስ ሕግ ተተካ፤ የፓተንት ሕግ በ1971 ወጣ፤ በ1984 ደግሞ የፓሪስ ስምምነት አባል ሆነች። በኢትዮጵያ የፈጠራ ሥራ አዋጅ የወጣው በ1995፣ የንግድ ምልክት አዋጅ በ2006 ነው።

የቶምፕሰንና ካፐር ክርክር ከመቶ ዓመት በኋላ በሌላ አፍ ተመልሶ መጣ፤ በዚህ ጊዜ የተነሣው በእኛ ስሞች ላይ ነው። በ2005 ኢትዮጵያ ይርጋጨፌ፣ ሐረር እና ሲዳሞ የተባሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተች። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ስሞቹ የቡናውን ዓይነት የሚገልጹ የጋራ ቃላት ሆነዋል ተባለ። ስታርባክስ የተባለው ድርጅት ከዚያ ቀደም ብሎ «ሲዳሞ» የሚል ቃል ያለበት የራሱን ምልክት ለማስመዝገብ ማመልከቻ አስገብቶ ነበር። ገበሬው ያደገበት የአገሩ ስም በሩቅ አገር መዝገብ ላይ «የማንም» ሊባል ሲል ነገሩ ከዌልካም ሙግት ይከብዳል፤ ዌልካም ቃሉን ጠረጴዛ ላይ ፈጠረው፣ ሲዳሞን ግን ማንም ነጋዴ አልፈጠረውም። ይርጋጨፌ በ2006 ተመዘገበ፤ ኢትዮጵያና ስታርባክስ በ2007 ተስማሙ፤ የቀሩት ሁለቱም ከብዙ ክርክር በኋላ መዝገብ ገቡ።

ቡናችን ወደ ካርቱም የወረደበት መንገድም ከዚያ ዘመን ይጀምራል። በ1902 ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ውል መሠረት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተፈቀደና ጋምቤላ ተቆረቆረች። በክረምት ውሃው ሲሞላ መርከቦች የምዕራብ ኢትዮጵያን ቡና በባሮና በሶባት አድርገው በነጭ አባይ ወደ ካርቱም ያወርዱ ነበር። ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው ሱዳን ነጻ በወጣችበት በ1956 ነው። በካርቱም ጎዳናዎች ሴቶች ከሰል ላይ አፍልተው የሚሸጡትን ቡና ሱዳናውያን «ጀበና» ይሉታል፤ የማፍያው ስም ለመጠጡ ሆኖ ቀርቷል።