ሰላምታ በሣር፤ በወረታና በፎገራ ሜዳ

በፈረንጅ አገር ለበዓል ሰላምታ ሥዕል ያለበትን ወረቀት መላላክ የተጀመረው በቅርብ ዘመን ነው። ሄንሪ ኮል የሚባል እንግሊዛዊ ለወዳጆቹ ሁሉ በእጁ መጻፍ ቢበዛበት፥ ጆን ሆርስሊ በተባለ ሠዓሊ አሥሎ በ1843 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በሎንዶን አሳተመ። በኢትዮጵያም እንዲህ ያለውን ወረቀት የሚያመላልሰው የፖስታ ሥራ በዳግማዊ ምኒልክ ትእዛዝ በ1886 ዓ.ም. ቆመ። ወረቀቱ ግን ከተነበበ በኋላ ለቤት የሚሰጠው ጥቅም የለም። በዚህ ምክንያት ዛሬ ፈረንጆቹ ራሳቸው ዘር ያለበትን የሚዘራ ወረቀት ወይም ለዕቃ መወልወያ የሚሆን ጨርቅ በሰላምታ ፈንታ መላክ ጀምረዋል። የፎገራ ሰው ይህን ከማንም አልተማረውም።

ፎገራ ከጣና ባሕር በስተ ምሥራቅ የተዘረጋ ሜዳ ነው። ጉማራና ርብ ከጉና ተራራ ወርደው በክረምት ያጥለቀልቁታል፤ ስለዚህ ሣሩ ለምለም፥ ከብቱም ስመ ጥር ሆኖ ኖረ። ወረታ የባሕር ዳርና የጎንደር መንገድ ከደብረ ታቦር መንገድ ጋራ በሚገናኝበት በዚሁ ሜዳ ላይ ትገኛለች።

ሰላምታን በሣር ማድረስ ለቤተ ክርስቲያን እንግዳ ነገር አይደለም። በቀዳም ሥዑር ካህናቱ ለምእመናን ቄጤማ ያድላሉ፤ ምእመናኑም እስከ ትንሣኤ ሌሊት በራሳቸው ያስሩታል። ምሥጢሩም የኖኅ ርግብ የወይራ ቅጠል በአፏ ይዛ የጥፋት ውሃ መጉደሉን እንዳበሠረች ነው። ክረምት ሲወጣ ውሃው ከሜዳው ሲሸሽ ለሚያይ የፎገራ ገበሬ ይህ ትርጓሜ ሩቅ አይደለም። በዘመን መለወጫም በጎጃምና በጎንደር ልጃገረዶች እንግጫ ነቅለው ከዐደይ አበባ ጋራ ጎንጉነው በወላጆቻቸው ራስና በቤቱ ምሰሶ ያስራሉ፤ እስከ ደመራም ይሰነብታል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን አገልግል ነው። ልጇን የዳረች እናት ለበዓል «እንኳን አደረሰሽ» የምትለው እንጀራና ወጥ በአገልግል አድርጋ በመላክ ነው። ውስጡ ስንደዶ በአክርማ እየተጠቀለለ የተሰፋ፥ ውጭው በቆዳ የተለበጠ፥ በጠፍር የሚንጠለጠል ነውና መንገድ አይጎዳውም። ምግቡ ካለቀ በኋላ ዕቃው ለብዙ ዓመት ያገለግላል። (ስሙ «አገልግል» የሚለውን ትእዛዝ መምሰሉ ለቅኔ ሰው ጥሩ ኅብር ነው።) ባዶ ዕቃ መመለስም ነውር ስለ ሆነ ተቀባይዋ በተራዋ አንዳች ነገር ጨምራበት ትመልሰዋለች፤ በዚህ አኳኋን አንዱ ዕቃ መልእክትም መልስም እየሆነ በሁለት ቤት መካከል ሲመላለስ ይኖራል። መሶቡን በአለላ የምታስጌጥ ሴት ደግሞ ፊደል ባትቈጥርም እጇ ይታወቃል፤ ላኪዋ ማን እንደ ሆነች መጠየቅ አያስፈልግም።

በ1970ዎቹ ዓ.ም. በደርግ ዘመን ሩዝ ወደ ፎገራ ገባ። ኤክስ ጅግና የሚባለው ዘር ውሃ የሚተኛበትን መሬት ወደደ፤ ቀድሞ በክረምት የማይታረሰው ረግረግ እህል ሰጠ፥ ብዙ ቤትም ከችጋር ወጣ። ይህን መንቀፍ አይገባም። ነገር ግን የግጦሹ መሬት ለሩዝ በተሰጠ መጠን ከብቱ አነሰ፤ እንግጫውም አክርማውም ከታረሰው መሬት ሸሽቶ በየድንበሩና በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ቀረ። በአገልግል ፈንታም ከወረታ ገበያ የተገዛ የላስቲክ ዕቃ ይላካል። እርሱም ቢሆን ወደ ላኪዋ ቤት ባዶውን አይመለስም።