በዓባይ ራስ ላይ የሰፈሩ እንግዶች

ሰው ከተወለደበት አገር ተነሥቶ፣ ባሕርና በረሓ አቋርጦ፣ በባዕድ ምድር እንዲቀመጥ የሚያደርጉት ምክንያቶች ብዙ ናቸው። የታሪክ ጸሓፊዎች አብዝተው የሚያወሱት ግን ስለ ሃይማኖት የተሰደደውን፣ ለጦርነት የዘመተውንና ለንግድ የተጓዘውን ነው። ለኑሮው ብቻ ብሎ የሚሰደደው፣ ማለት በአገሩ ለወር የማይበቃው ገንዘብ ለዓመት የሚበቃበትን ስፍራ የሚፈልገው ሰው፣ ከታሪክ መዝገብ ብዙ ጊዜ ተረስቶ ይቀራል።

ይሁን እንጂ ይህም ዓይነት ስደት የራሱ ታሪክ አለው። ከ1960ዎቹ መካከል ጀምሮ ብዙ የአውሮፓና የአሜሪካ ወጣቶች በቱርክ፣ በኢራን፣ በአፍጋኒስታንና በሕንድ እያለፉ በየብስ እስከ ኔፓል ይጓዙ ነበር። ወደዚያች ተራራማ አገር የሳባቸው የበረዶው ተራራ ግርማ ብቻ አልነበረም፤ መኝታና ምግብ በጥቂት ገንዘብ የሚገኝባት በመሆኗ ጭምር ነው። መንገዱ በ1979 በኢራን በተነሣው አብዮትና በአፍጋኒስታን ላይ በደረሰው ወረራ ምክንያት ተዘጋ። ስለ እነዚህ መንገደኞች ብዙ ተጽፎአል። ነገር ግን ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ጥቂት ጊዜ ብቻ ተጠይቆአል፤ ይኸውም፦ ኑሮ ለእንግዳው የረከሰለት በማን ድካም ነው? የሚል ነው።

ይህ ጥያቄ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ባዕድ ሊሆን አይገባውም። የእኛም ደጋ አገር በየዘመኑ ከሩቅ ለመጡ ሰዎች መጠጊያና መኖሪያ ሆኖአልና። ከግሽ ዓባይ እስከ ጣና ዳር ያለውን አገር ታሪክ የመረመረ ሰው ለጥያቄው የሚበቃ መልስ ያገኛል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ግሽ ዓባይ በምዕራብ ጎጃም በሰከላ ወረዳ በተራራ ግርጌ የሚገኝ ምንጭ ነው። ስፍራው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር የበለጠ ከፍታ ያለው ደጋ ሲሆን፣ ከዚያ የሚፈልቀው ውሃ ግልገል ዓባይ ተብሎ ወደ ሰሜን እየወረደ በጣና ደቡባዊ ዳርቻ ይገባል። ታላቁ ዓባይ ደግሞ በባሕር ዳር በኩል ከሐይቁ ይወጣል። የአገሩ ሰው ምንጩን በአቡነ ዘርዐ ብሩክ ስም ያከብረዋል። በትውፊት እንደሚነገረው፣ ጻድቁ ሰባት መጻሕፍታቸውን ለምንጩ አደራ ሰጥተው ሄደው፣ በተመለሱ ጊዜ ውሃው ምንም ሳያርሳቸው መልሶ አወጣላቸው። አደራ ተቀብሎ አደራን መመለስ የዚህ ምንጭ የመጀመሪያ ታሪክ ነው ማለት ነው። በዙሪያው ያለው የአገው ምድርና የዳሞት አገር ማርና ቅቤ፣ ከብትና እህል የማይታጣበት በመሆኑ፣ ለጎንደር ከተማ ቀለብ ከሚያቀርቡት አገሮች አንዱ ነበር።

ወደዚህ አገር የደረሱት የመጀመሪያዎቹ ብዙ ቁጥር ያላቸው አውሮፓውያን ኑሮ ፍለጋ የመጡ አልነበሩም። በ1541 በክሪስቶቮ ዳ ጋማ መሪነት በምጽዋ በኩል የገቡት 400 ያህል የፖርቱጋል ወታደሮች ናቸው። አዝማቻቸው በ1542 በወፍላ ከተደረገው ውጊያ በኋላ ተማርኮ ተገደለ። የቀሩት ከዓፄ ገላውዴዎስ ሠራዊት ጋር ተሰልፈው በየካቲት 1543 ከጣና በስተ ምሥራቅ በወይና ደጋ ኢማም አሕመድ በወደቀበት ጦርነት ተካፈሉ። በዚህ ሁሉ ውጊያ ከወታደሮቹ ከእኩሌታ የሚበልጠው አልቆአል። ከተረፉት አንዱ ሚጌል ደ ካስታኞሶ ወደ አገሩ ተመልሶ የጻፈው ታሪክ በ1564 በሊዝበን ታተመ። የሚበዙት ግን አልተመለሱም። ንጉሡ መሬት ሰጣቸው፤ የአገሩን ሴቶች አገቡ፤ ልጆችም ወለዱ። የነገሥታቱ መቀመጫ ወደ ጣና እየቀረበ ሲሄድ፣ ዘሮቻቸው በደምቢያና በጎጃም ጭምር ተበትነው ይኖሩ ጀመር።

እዚህ ላይ ኑሮአቸው በምን ላይ እንደ ቆመ ማስተዋል ያስፈልጋል። በሰሜኑ ደጋ የመሬት ሥርዓት ርስትና ጉልት የተባሉ ሁለት መብቶች ነበሩ። ርስት አገሩን አስቀድሞ ካቀናው አባት በዘር የሚወርድ የእርሻ መብት ሲሆን፣ ባለርስቱ በአባቱም በእናቱም ወገን ትውልድ ቆጥሮ ድርሻውን ይጠይቃል። ጉልት ግን ንጉሥ ለባለሟሉ፣ ለወታደሩ ወይም ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጠው፣ ከገበሬው ግብር የመቀበልና የመዳኘት ሥልጣን ነው። አለን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ ከግሽ ብዙ በማይርቀው በደጋ ዳሞት ይህን ሥርዓት አጥንቶ በ1973 ያሳተመው መጽሐፍ፣ አሠራሩ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት ድረስ ጸንቶ መቆየቱን ያሳያል። እንግዲህ ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው ከንጉሥ እጅ ጉልት ማግኘት ይችል ነበር፤ ርስት ግን የዘር ጉዳይ ስለ ሆነ ንጉሥም እንኳ ሊያወርሰው አይችልም። ወደ ርስት የሚያስገባው በር ጋብቻ ብቻ ነበር። እንግዳው ራሱ ባዕድ ሆኖ ቢሞትም፣ ልጁ በእናቱ ወገን ቆጥሮ የአገሩ ሰው ይሆናል። ከዚህ የምንረዳው ነገር ግልጽ ነው። ለእንግዳው በከንቱ የተገኘ የመሰለው እንጀራ ለገበሬው በከንቱ የተገኘ አልነበረም፤ ንጉሥ ሲሰጥ ገባር ይከፍላልና።

ከወታደሮቹ ቀጥለው የመጡት የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህናት ናቸው። ከእነርሱ መካከል በትዕግሥቱና በዕውቀቱ የሚመሰገነው በ1564 በእስፓኝ የተወለደው ፔድሮ ፓኤዝ ነው። ይህ ሰው ወደ ኢትዮጵያ ሲጓዝ በ1589 በዐረብ ባሕር ተማርኮ፣ በተራራማዋ የእስያ አገር በየመን ሰባት ዓመት ያህል በእስር ኖረ። በባዕድ አገር መኖር ምን እንደ ሆነ የተማረው በምቾት ሳይሆን በሰንሰለት ነው። ከተለቀቀ በኋላ ወደ ሕንድ ተመልሶ፣ በ1603 የአርመን ሰው መስሎ በምጽዋ ገባ። አማርኛና ግዕዝ ተማረ፤ በጎርጎራም ሕንፃ አሠራ፤ ስለ አገራችንም ሰፊ የታሪክ መጽሐፍ በፖርቱጋል ቋንቋ ጻፈ። ሚያዝያ 21 ቀን 1618 ዓፄ ሱስንዮስን ተከትሎ በሰከላ በኩል ሲያልፍ የዓባይን ምንጭ አየ። ቂሮስና እስክንድር፣ ዩልዮስ ቄሣርም ሊያዩት ተመኝተው ያላገኙትን በማየቱ እጅግ እንደ ተደሰተ ጽፎአል። በ1622 በጎርጎራ ዐረፈ።

ፓኤዝ የአገሩን ጠባይ ያውቅ ስለ ነበር በዝግታና በትሕትና ይሠራ ነበር። ከእርሱ በኋላ በ1625 የመጣው አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን ሕዝቡ የኖረበትን ሥርዓት በአንድ ጊዜ ሊለውጥ ፈለገ። ካህናቱ እንደ ገና እንዲሾሙ፣ ምእመናኑ እንደ ገና እንዲጠመቁ፣ ጾሙና በዓሉ እንዲለወጥ ታዘዘ። በዚሁ ዘመን ግሽ ዓባይን አይቶ የጻፈው ጀሮኒሞ ሎቦም በዚህ አገር ብዙ ዓመት ተቀምጦ ነበር፤ መጽሐፉን ሳሙኤል ጆንሰን ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1735 አሳትሞታል። ሕዝቡ ግን እህሉንና ማሩን እንጂ ሃይማኖቱን ለእንግዳ ለማካፈል ፈቃደኛ አልነበረም። ዐመፅ በየአገሩ ተነሣ። በ1632 ብዙ ሺህ ሰው ካለቀበት ጦርነት በኋላ ዓፄ ሱስንዮስ ሃይማኖት እንዲመለስ ዐዋጅ አስነግረው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ካህናቱም ከአገር እንዲወጡ ተደረገ።

የእነዚያ አሮጌ ወታደሮች ዘር ምን ሆነ? ከእነርሱ ወገን ብዙዎቹ የአገሩን ቋንቋ እንጂ የአያቶቻቸውን የማያውቁ፣ መልካቸውም ከጎረቤታቸው የማይለይ ነበሩ። በዓፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመነ መንግሥት (1667–1682) ከሁለት አንዱን እንዲመርጡ ታዘዙ፤ ወይም የአገሩን ቤተ ክርስቲያን ሃይማኖት ተቀብለው መቀመጥ፣ ወይም ወደ ስናር መሄድ። የተቀበሉት በሕዝቡ መካከል ተዋሕደው ቀሩ፤ ያልተቀበሉት ወጡ። ይህ ፍርድ ለዛሬ አንባቢ የሚከብድ ነው። በዚህ አገር ተወልዶ ሌላ አገር የማያውቅን ሰው በአያቱ ምክንያት ማስወጣት ከባድ ነገር ነውና። ሆኖም የሱስንዮስ ዘመን ደም ገና ያልደረቀ እንደ ነበር የሚያስብ ሰው ምክንያቱን ይረዳዋል። የልጅ ልጆቹ የከፈሉት ዕዳ፣ እነርሱ ራሳቸው ሳይሆኑ በኋላ የመጡት እንግዶች የተበደሩት ነበር።

ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ደግሞ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ መጣ። በ1769 ምጽዋ፣ በ1770 መጀመሪያ ጎንደር ደረሰ። ራስ ሚካኤል ስሑል ባየሉበት በዚያ የሁከት ዘመን በሕክምና ችሎታውና በፈረስ ግልቢያው በቤተ መንግሥት ተወደደ። ሌላው ባለሟል ሰፊ አገር ሲለምን፣ እርሱ ዓፄ ተክለ ሃይማኖት ዳግማዊን የለመናቸው የግሽን መንደርና ምንጩን ነበር። ንጉሡም ምነው ከዚህ የሚሻል በጠየቀ እያሉ ስፍራውን ለእርሱና ለዘሩ ሰጡት። በኅዳር ወር 1770 ግሽ በደረሰ ጊዜ የአገሩ ሰዎች ስለ ምንጩ ክብር ጫማ እንዲወልቅ አዘዙ። ብሩስም ታዘዘና ወርዶ ከውሃው ጠጣ፤ በአገሩ ንጉሥ በሦስተኛው ጆርጅ ስም ጽዋ አነሣ። ያስተናገደው ክፍለ ዓባይ የተባለ የምንጩ አገልጋይና የመንደሩ ሹም ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ ብሩስ ወጥቶ ሄደ። ከዚያ በኋላ የግሽን ማር አልገበረም፤ አላስገበረምም። ጉልቱ በወረቀት ላይ ብቻ ቀረ።

ብሩስ በ1790 ባሳተመው ባለ አምስት ቅጽ መጽሐፍ ከእርሱ በፊት ፓኤዝ ምንጩን ማየቱን ሊያስተባብል ደክሞአል። አብሮት የነበረውን የቦሎኛውን ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒንም ከጉዞው አስቀድሞ የሞተ አስመስሎ ጽፎአል፤ ባሉጋኒ በእጁ የጻፋቸው መዛግብት ግን ግሽ ድረስ አብሮት እንደ ነበር ይመሰክራሉ። ሁለት እንግዶች አንድን ምንጭ እኔ አስቀድሜ አየሁት ሲባባሉ፣ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ከምንጩ ሲጠጣ የኖረው ባላገር ከክርክሩ ውጭ ሆኖአል። የክፍለ ዓባይ ስም እንኳ የደረሰን እንግዳው ስለ ጻፈው ነው። ያበሉትና ያሳደሩት የሌሎቹ ባላገሮች ስም ከቶ አልተጻፈም።

ከዚህ የተለየ መንገድ የያዙም ነበሩ። ከ1838 ጀምሮ አሥር ዓመት ያህል በኢትዮጵያ የቆየው ፈረንሳዊው አርኖ ዳባዲ በጎጃም በደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ግቢ የአገሩን ልብስ ለብሶ፣ በአማርኛ እየተናገረ፣ ሚካኤል በሚል ስም ኖረ። በ1868 ያሳተመው መጽሐፉም ባላገሩን በቅርብ ያወቀ ሰው ድርሰት መሆኑ ያስታውቃል። በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማንም ከ1925 ጀምሮ የጣናን ደሴቶችና የዓባይን ሸለቆ እየዞረ ካርታ አነሣ፤ በ1936ም መጽሐፉን አሳተመ። ይህ ሰው የሚኖርበት ደመወዝ ከመንግሥቱ ይከፈለው ስለ ነበር ጉልት አላስፈለገውም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ታሪክ ሲጠቀለል የሚያስተምረው ምንድን ነው? ከሁሉ አስቀድሞ፣ ርካሽ ኑሮ የሚባል ነገር ለአንዱ ወገን ብቻ ርካሽ መሆኑን ነው። እንግዳው የማይከፍለውን ዋጋ ባላገሩ በጉልበቱ፣ በማሩና በእህሉ ይከፍለዋል። ሁለተኛው፣ በባዕድ አገር ሥር መስደድ የሚቻለው በገንዘብ ወይም በንጉሥ ስጦታ ሳይሆን፣ ከሕዝቡ ጋር በመዋለድ፣ ቋንቋውን በመማርና ሥርዓቱን በማክበር መሆኑን ነው። ጉልት በ1966፣ ርስትም በ1975ቱ የገጠር መሬት ዐዋጅ ቀርተዋል። በጋብቻና በአብሮነት የተዋሐደው ግን ዐዋጅ አላነሣውም፤ የትኛው ገበሬ ከነዚያ ወታደሮች ዘር እንደ ሆነ ዛሬ ለይቶ የሚያውቅ የለም። ሦስተኛው፣ አስተናጋጅም የራሱ ኀላፊነት ያለበት መሆኑን ነው። እንግዳ መቀበል ብቻውን አይበቃም፤ እንግዳው በምን ሕግ እንደሚኖር አስቀድሞ መወሰን፣ የተደረገውንም መጻፍ ያስፈልጋል። ያልጻፈ አስተናጋጅ ታሪኩን የሚያገኘው በእንግዳው መጽሐፍ ውስጥ፣ ያውም እንግዳው በፈቀደው መጠን ብቻ ነው።

ዛሬ የእኛም ልጆች በየአገሩ እንግዶች ሆነዋል። በሄዱበት ሁሉ የሚጠብቃቸው ጥያቄ ፖርቱጋሎቹን በጣና ዳር የጠበቃቸው ያው ጥያቄ ነው፤ ይኸውም፦ በልቶ አዳሪ ብቻ ትሆናለህ፣ ወይስ ጎረቤት? የሚል ነው። አበው፦ ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል ይላሉ። ሰው ግን ከወንዝ ይለያል፤ በሚያድርበት አገር ጫማውን አውልቆ መግባትን ከተማረ ማደሪያ አያጣም። በግሽ ተራራ ላይ ያሉት ባላገሮች ለብሩስ ያስተማሩት ትምህርት ይኸው ነበር።