ማገዶ የማያስፈልገው እሳት

ርዕሳችን እግዚአብሔር በራሱ የሚኖር አምላክ መሆኑ ነው። ሕይወቱን ከማንም አልተቀበለም፤ ለመኖርም፣ ለመክበርም፣ ለመንገሥም የማንም ጥገኛ አይደለም። «ይሄ የነገረ መለኮት ተማሪዎች ጉዳይ ነው» የሚል አይጠፋም። እስቲ ወደ ሰሜን ሸዋ ታሪክ እንሂድና ይህ እውነት ሲዘነጋ ምን እንደሚመጣ እንይ።

ደብረ ብርሃንን የሚያውቅ ብርዷን ያውቃል። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። እዚያ እሳት ዳር ያመሸ ሰው አንድ ነገር አይጠፋውም፤ እሳት ይበላል። ኩበት ካልጨመሩለት ይሞታል። ብርድ ልብሱም እኮ የራሱ ሙቀት የለውም፤ የሚያሞቀን የራሳችንኑ ሙቀት ይዞ ነው። የተፈጠረ ነገር ሁሉ እንዲህ ነው፤ ገብሱ ከዝናቡ፣ በጉ ከሣሩ፣ እኛም ከወላጆቻችን ተቀብለን ነው የምንኖረው።

ሙሴ በኮሬብ ያየው እሳት ግን ሌላ ነው (ዘጸአት 3)። እሳቱ በቁጥቋጦው ላይ ይነድዳል፤ ቁጥቋጦው ግን አይቃጠልም። ማገዶ የማያስፈልገው እሳት ነበር። ሙሴ ስሙን ሲጠይቀውም እግዚአብሔር «እከሌ ፈጠረኝ፣ እከሌ አነገሠኝ» አላለም። ራሱን ያስታወቀው በራሱ መኖር ነው። እርሱ አለ፤ ሌላው ሁሉ ያለው እርሱ ስላለ ነው።

አሁን ወደ ከተማይቱ ስም እንምጣ። ደብረ ብርሃንን የመሠረቱት እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው። ስለ እኚህ ንጉሥ ስንናገር ሚዛን መያዝ አለብን። የተማሩ፣ በሥላሴ የሚያምኑ፣ ጥንቆላን አጥብቀው የተዋጉ ሰው ነበሩ። በ1450 በሸዋ ደብረ ምጥማቅ ላይ ጉባኤ ሰብስበው በሰንበት ምክንያት ለረጅም ዘመን የተከፋፈሉትን አስታርቀዋል።

በዘመናቸው ግን በትግራይ የተነሣውን የአባ እስጢፋኖስን ትምህርት የሚከተሉ መነኮሳት ነበሩ፤ ደቂቀ እስጢፋኖስ ይባላሉ። እነዚህ ሰዎች ስግደት ለአብ፣ ለወልድና ለመንፈስ ቅዱስ ብቻ ነው ብለው ለንጉሡም፣ ለሥዕልም፣ ለመስቀልም አንሰግድም አሉ። እንደ እኛ ዘመን ወንጌላውያን አድርገን ልንሥላቸው አይገባም፤ በገዳም ሥርዓት የሚኖሩ፣ ጾመኞች መነኮሳት ነበሩ። ሆኖም ስለዚህ አቋማቸው ታሰሩ፣ ተገረፉ፣ ተገደሉ። ታሪኩ እንደሚለው ከእነርሱ ወገን የሆኑ ሰዎች በንጉሡ ትእዛዝ በድንጋይ ተወግረው ከሞቱ ከ38 ቀን በኋላ በሰማይ ላይ ብርሃን ታየ። አንዳንድ የታሪክ ሊቃውንት ይህን በ1456 ከታየው ሃሌይ ከተባለው ጅራታም ኮከብ ጋር ያያይዙታል። ንጉሡ ግን ብርሃኑን እግዚአብሔር በፍርዳቸው እንደ ተደሰተ ምልክት አድርገው ቈጠሩት። በስፍራው ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ቤተ መንግሥታቸውንም እዚያው ተከሉ። ደብረ ብርሃን የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው።

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ «እነርሱ እንዲህ ናቸው» ብለን ጣት ለመቀሰር አንቸኩል። በ1553 በጄኔቫ ሚካኤል ሰርቬተስ የሥላሴን ትምህርት ስለካደ በቁሙ ሲቃጠል፣ ያች ከተማ የተሐድሶ ከተማ ነበረች። በደብረ ብርሃንም በጄኔቫም ያለው ስሕተት አንድ ነው፤ የእግዚአብሔር ክብር ያለ እኛ ድንጋይና ያለ እኛ እሳት የሚወድቅ መስሎ ታየ። የጌዴዎን አባት ኢዮአስ ስለ በኣል የተናገረውን አስታውሱ (መሳፍንት 6)። አምላክ ከሆነ ስለ ራሱ ይከራከር ነበር ያለው። ጠበቃ የሚያስፈልገው ጣዖት ነው። ሕያው እግዚአብሔር ምስክር ይፈልግብናል እንጂ ዘበኛ አልቀጠረንም።

ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ወደምትገኘው ወደ አንኮበር ስንወጣ ደግሞ ትምህርቱን ከሌላ በኩል እናገኘዋለን። በ1839 ኢዘንበርግና ክራፕፍ የተባሉ ሁለት ሚስዮናውያን ወደ ሸዋው ንጉሥ ወደ ሣህለ ሥላሴ መጡ። ኢዘንበርግ በዚያው ዓመት ተመለሰ። ክራፕፍ ሦስት ዓመት ያህል ቆየ፤ ኦሮምኛ ተማረ፣ የወንጌልንም ክፍል መተርጎም ጀመረ። ንጉሡ ደግሞ ከአውሮፓ በጣም የሚሹት የጦር መሣሪያና የእጅ ጥበብ ነበር። በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኞች በሃሪስ መሪነት መጥተው የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረሙ። በ1842 ክራፕፍ ከሸዋ ወጣ፤ ተመልሶ እንዲገባ ግን አልተፈቀደለትም። በ1844 ወደ ሞምባሳ ሄደ፤ እዚያም ሚስቱንና አራስ ልጁን ቀበረ። በሰው ዓይን ሲታይ የሸዋው አገልግሎት ከሸፈ።

ታዲያ እግዚአብሔር ከሸፈበት? በፍጹም። ክራፕፍ አንኮበር ላይ ገና ሳይደርስ አቡ ሩሚ የተባለ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ካይሮ ተቀምጦ በአንድ የፈረንሣይ ቆንስል ጠያቂነት መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ ተርጉሞ ነበር። ሙሉው መጽሐፍ በ1840 በለንደን ታተመ። መነኩሴው ግን ሥራውን ታትሞ ሳያይ ነው የሞተው። የሣህለ ሥላሴ ልጅ ልጅ ምኒልክ ቤተ መንግሥታቸውን ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ አዛወሩ። ከአንኮበሩ ቤተ መንግሥት የቀረው ፍርስራሽ ነው። ቃሉ ግን ዛሬ በሸዋ ገበሬ ቤት ይነበባል። እግዚአብሔር በነገሥታት፣ በሚስዮናውያን፣ በመነኩሴም ይጠቀማል፤ ከእነርሱ በአንዱም ላይ ግን አይደገፍም።

ውድ አንባቢ፣ ይህ ነገር ዛሬ እኛንም ይነካናል። «እኔ ባልኖር ይህች አጥቢያ ትፈርስ ነበር» የሚል አገልጋይ፣ «የእኔ አሥራት ባይኖር ኖሮ» የሚል ባለጠጋ፣ በልቡ እግዚአብሔርን ባለ ዕዳ አድርጎታል። በመዝሙር 50 ግን እግዚአብሔር ቢራብ እንኳ ለእኛ እንደማይነግረን ይናገራል፤ ዓለሙ ሁሉ የእርሱ ነውና። ጳውሎስም በአቴና አርዮስፋጎስ ቆሞ እግዚአብሔር አንዳች እንደሚጐድለው ሆኖ በሰው እጅ እንደማይገለገል፣ እስትንፋሳችንን ራሱ እንደሚሰጠን አስተምሯል (ሐዋርያት ሥራ 17)። እንግዲህ ስንሰጥ የምንሰጠው ከተቀበልነው ነው፤ ስንዘምርም በእርሱ እስትንፋስ ነው።

«እንግዲያው እግዚአብሔር የማይፈልገኝ ከሆነ ለምን ኖርኩ?» ትሉ ይሆናል። የምሥራቹ ያለው እዚህ ጋ ነው። ሰው ሰውን ሲወድድ ብዙ ጊዜ የሚጐድለውን ፈልጎ ነው፤ ጥቅሙ ሲያልቅ ፍቅሩም ያልቃል። አብ ግን ዓለም ሳይፈጠር ወልድን ይወድድ ነበር (ዮሐንስ 17)። ብቸኝነት ይዞት አልፈጠረንም። ከእኛ የሚያገኘው ትርፍ ስለሌለ፣ ስንታመም፣ ስናረጅ፣ ከአገልግሎት ስንቀር ፍቅሩ አይቀንስም። ምንም የማይጐድለው ጌታ ለእኛ ሲል ሥጋ ለበሰ፤ ተራበ፣ ተጠማ። በራሱ ሕይወት ያለው እርሱ (ዮሐንስ 5፥26) ማንም ሳያስገድደው ነፍሱን በመስቀል ላይ ሰጠ። ይህ ፍጹም ስጦታ ነው፤ ስጦታ ደግሞ በምስጋና ይቀበሉታል እንጂ አይከፍሉትም።

እግዚአብሔርን ለማኖር ስትደክሙ የነበራችሁ፣ እረፉ። ስለ እርሱ ብላችሁ በጎረቤታችሁ ላይ ድንጋይ ያነሣችሁ፣ ቃልም ቢሆን፣ ጣሉት። ጌታ ኢየሱስን ገና ያልተቀበላችሁም ባዶ እጃችሁን ይዛችሁ ኑ፤ እርሱ የሚሰጥ ነው እንጂ የሚቀማ አይደለም። በራሱ የሚኖር አምላክ በሕይወቱ ያኑራችሁ። አሜን።