የዙም ሌንስና የብርሃን መግቢያው

በካሜራ ሌንስ ላይ «ኤፍ» ከሚለው ፊደል ጋር የተጻፈውን ቍጥር ብዙ ሰዎች የዲያፍራሙ ቀዳዳ ስፋት አድርገው ይወስዱታል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ቍጥሩ የሚገኘው የሌንሱ የትኩረት ርቀት፥ ከፊት ሆነን ስንመለከት ለሚታየን ቀዳዳ ስፋት ሲካፈል ነው። ታዲያ የትኩረት ርቀቱን እንዲለዋውጥ የተሠራው የዙም ሌንስ ይህን ቍጥር ሳይለውጥ እንዴት ሊያቈይ ይችላል? በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንን ነው። ዓመታቱ በአውሮፓ አቈጣጠር ተጽፈዋል።

ችግሩ ጐልቶ የታየው በሲኒማ ሥራ ነው። በ1932 የእንግሊዙ ቴይለር፥ ቴይለርና ሆብሰን ከ40 እስከ 120 ሚሊሜትር የሚደርሰውን «ቫሮ» ለሲኒማ ካሜራ አቀረበ። ፎቶግራፍ አንሺ ከእያንዳንዱ ሥዕል በፊት ብርሃኑን ማስተካከል ይችላል፤ በፊልም ግን ተዋናዩ እየቀረበ ሳለ ሥዕሉ ቢጨልም ተመልካቹ ወዲያው ያውቀዋል።

ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ዲያፍራሙን ከሚንቀሳቀሱት ሌንሶች በስተኋላ ማስቀመጥ ነው። ቀዳዳው ራሱ አይሰፋም፤ ነገር ግን የፊተኞቹ ሌንሶች የትኩረት ርቀቱን በሚያሳድጉት መጠን የቀዳዳውንም ምስል ያጐላሉ። ሁለቱ አብረው ስለሚያድጉ ቍጥሩ ባለበት ይጸናል።

በ1959 ለዚህ ጥያቄ ሁለት መልሶች ተሰጡ። ቪየና ተወልዶ በአሜሪካ የሠራው ፍራንክ ባክ ያዘጋጀው የፎክትሌንደር «ዙማር» ለ35 ሚሊሜትር ፎቶግራፍ ካሜራ የተሠራ የመጀመሪያው የዙም ሌንስ ነበር፤ ከ36 እስከ 82 ሚሊሜትር ድረስ ኤፍ 2.8ን ይዞ ይቈያል። ለዚህም መግቢያው ከ13 ወደ 29 ሚሊሜትር ያህል ማደግ አለበት። በዚያው ዓመት የወጣው የጃፓኑ ኒኮን ከ85 እስከ 250 ሚሊሜትር ያለው ሌንስ ግን በመጀመሪያው ጫፍ ኤፍ 4፥ በመጨረሻው 4.5 ነበር። በ250 ላይ 4ን ለመጠበቅ 62.5 ሚሊሜትር ስፋት ያስፈልገው ነበር፤ በ4.5 ግን 56 ያህል ይበቃዋል። የቀረበት ብርሃን አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ነው።

ስለዚህ በአንድ ሌንስ ላይ ሁለት ቍጥር ማየት የጕድለት ምልክት ብቻ ነው ብለን መፍረድ አይገባንም። የማይለወጠው ቍጥር ዋጋው በመስተዋት ስፋትና በክብደት ይከፈላል፤ የሚለወጠው ደግሞ በብርሃን። አንባቢም የዙም ሌንስ ቢያገኝ ከፊት በኩል እየተመለከተ ቀለበቱን ያዙር፤ ቀዳዳው በዐይኑ ፊት ሲሰፋ ያየዋል።